ጥላሁን ገሠሠና የስኳር ሕመም

ጥላሁን ገሠሠ መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደ። ወሊሶ በሚገኘው ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ተማረ። የዘፈን ፍቅሩ ወደ ሀገር ፍቅር ቴአትር ወሰደው፤ ቀጥሎም የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ድምፃዊ ሆነ። ከ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ታስሯል። ከዚያ በብሔራዊ ቴአትር ሠራ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ዘፈነ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክትሬት ሰጠው።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት የስኳር በሽታ ጸናበት፤ በዚሁ ሕመም ምክንያትም አንድ እግሩ ተቆረጠ። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት፣ በ68 ዓመቱ አረፈ። ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

ስኳር እግርን እንዴት ይጎዳል?

ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፣ የደም ሥሮችንም ያጠባል። ስለዚህ ሰውየው እሾህ ሲወጋው ወይም ጫማ ሲልጠው ላይሰማው ይችላል። ደም በበቂ ስለማይደርስ ቁስሉ ቶሎ አይድንም። ከቆዳ የጀመረው ኢንፌክሽን ወደ አጥንት ሊዘልቅ፣ ሥጋውም ሊሞትና ሊጠቁር ይችላል። እግር ወደ መቆረጥ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው።

በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ግርጌ

እዚህ ደጋው ብርዳም፣ መንገዱም ድንጋያማ ነው። የደነዘዘ እግር ምድጃ ዳር ሲሞቅ ባለቤቱ ሳያውቀው ሊቃጠል ይችላል። የፕላስቲክ ጫማ ያለ ካልሲ ሲደረግም ይልጣል። አረጋውያን ደግሞ ዓይናቸው ስለሚደክም የእግራቸውን መዳፍ አያዩም።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

- በየምሽቱ የአባትዎን ወይም የእናትዎን እግር መዳፍና በጣቶች መካከል ይመልከቱ።
- በለብታ ውኃ ይጠቡ፤ ሙቀቱን ስኳር የሌለበት ሰው በእጁ ይለካው። በጣቶች መካከል በደንብ ያድርቁ።
- ጫማ ከማድረግ በፊት ውስጡን በእጅ ይዳብሱ። በባዶ እግር አይሂዱ።
- ቁስል ላይ ቅጠል፣ ቅቤ ወይም አመድ አያድርጉ፤ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ጤና ጣቢያ ይውሰዱ።
- ጸበል የሚሄዱ ከሆነም መድኃኒቱን አያቋርጡ።

ሳይዘገዩ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

መጥቆር፣ መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት ወይም እብጠት፣ ትኩሳት፣ የእግር ድንገተኛ መቀዝቀዝ።

ሕመም አለመኖሩ አያዘናጋዎት፤ የደነዘዘ እግር አያምም። ቁስሉ በትንሽነቱ ከታየ ግን ብዙ ጊዜ እግሩን ማዳን ይቻላል።