ዕዳውን በብዕሩ የከፈለው ደራሲ

ዋልተር ስኮት በ1771 (እ.ኤ.አ.) ስኮትላንድ ውስጥ በኤደንብራ ከተማ ተወለደ። ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው የልጅነት ልምሻ ቀኝ እግሩን ስላሰናከለው ወደ አያቶቹ ገጠር ተላከ፤ የድንበሩን አገር የጦርነትና የፍቅር ታሪክ የሰማው በዚያ ነው። በሙያው የሕግ ሰው ሲሆን፣ በ1814 «ዌቨርሊ» የተባለውን ታሪካዊ ልብ ወለድ ስሙን ሰውሮ አሳተመ። «አይቫንሆ»ም በ1819 መጨረሻ ተከተለ።

ከድርሰቱ ባገኘው ገንዘብ አቦትስፎርድ የተባለውን ታላቅ ቤት አሠርቶ፣ በጊዜው ብርቅ በነበረው ከዘይት በሚወጣ ጋዝ አበራው። የአዲስ ዘዴ ፍቅሩ የሚያስመሰግነው ነው፤ የመሬት ስስቱ ግን ብድር አበዛበት። በ1826 አሳታሚውና ስኮት በስውር የተሻረከበት ማተሚያ ቤት ሲከስሩ፣ ከ120,000 ፓውንድ ያላነሰ ዕዳ ወደቀበት። ኪሣራ አውጆ መገላገል ሲችል፣ የሚጽፈው ሁሉ ለዕዳው እንዲውል ከአበዳሪዎቹ ጋር ተዋዋለ። በዚያው ዓመት ሚስቱ ሞተች። እርሱ ግን የናፖሌዎንን ታሪክ በዘጠኝ ቅጽ ጽፎ በ1827 አወጣ። በጥድፊያ የተጻፉት የመጨረሻ ልብ ወለዶቹ ከፊተኞቹ ማነሳቸው አይካድም፤ ጤናውም በሥራ ብዛት ተሰበረ። በ1832 በአቦትስፎርድ አረፈ። የተረፈው ዕዳ ከሞቱ በኋላ ከመጻሕፍቱ በተገኘ ገንዘብ ተከፍሎ አለቀ።