ድውያንን ያስታመመች ፍሎረንስ ናይቲንጌል

ፍሎረንስ ናይቲንጌል በፈረንጆች አቈጣጠር በ1820 ዓመት በኢጣልያ አገር ፍሎረንስ በምትባል ከተማ ተወለደች፤ ስለዚህም በከተማይቱ ስም ተጠራች። ወላጆቿ እንግሊዞችና ባለጸጎች ነበሩ። አባቷ ራሱ ቋንቋን፥ ታሪክንና ሒሳብን አስተማራት፤ እርሷም ቍጥርን እጅግ ትወድ ነበር። ይህ ኋላ ምን እንደ ጠቀመ ከዚህ በታች ይነገራል።

ዕድሜዋ 16 ዓመት በሆነ ጊዜ እግዚአብሔር ለሥራው እንደ ጠራት በልቧ ተረዳች። ሥራው ድውያንን ማስታመም እንደ ሆነ በተናገረች ጊዜ ግን ቤተ ሰቧ ተቈጡ። በዚያ ዘመን በሐኪም ቤት የሚያስታምሙ ሴቶች ያልተማሩና ሰካራሞች ይባሉ ነበርና፥ የባለጸጋ ልጅ ከእነርሱ ጋራ መቈጠሯ ነውር መሰላቸው። ብዙ ዓመት ታገሠች። ሳይነጋ እየተነሣች በሻማ ብርሃን ስለ ሐኪም ቤት የተጻፈውን ታነብ ነበር። በ1851 ተፈቅዶላት በጀርመን አገር በራይን ወንዝ ዳር ወዳለችው ወደ ካይዘርስቬርት ሄደች፤ በዚያም ፓስተር ፍሊድነር ካቋቋሙት ከዲያቆናውያት ማኅበር ጋራ ጥቂት ወራት ኑራ ሥራውን ተማረች።

ከዚያ በኋላ እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ከቱርክ ጋራ ሆነው በክሪምያ ከሩስያ ጋራ ተዋጉ። የቈሰሉትና የታመሙት እንግሊዞች በመርከብ ተጭነው በእስታንቡል ፊት ለፊት ወዳለው ወደ ስኩታሪ ይወሰዱ ነበር። ፍሎረንስም በ1854 በመንግሥት ትእዛዝ 38 አስታማሚዎች ይዛ ወደዚያ ደረሰች። ቤቱ ቀድሞ የወታደር ሰፈር ነበረ። ድውያኑ በየመተላለፊያው ሳይቀር ተኝተዋል፤ ልብሳቸው ቅማል የመላበት፥ ውሃው ጥቂት፥ ወለሉ የረከሰ ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ሐኪም ቤት መባሉ ያስገርማል። ሐኪሞቹም በመጀመሪያ አልወደዷትም፤ ድውያን በበዙ ጊዜ ግን ራሳቸው ፈለጓት። ወለሉን አስፈገፈገች፤ ቤት ተከራይታ የድውያኑን ልብስ በፈላ ውሃ አሳጠበች፤ መልካም ምግብ አሰናዳች። ሌሊትም ፋኖስ ይዛ በየአልጋው ትዞር ነበር።

ነገር ግን ሞት አላቆመም። በ1855 በፌብሩዋሪ ወር ከታከሙት ከ100 ሰዎች 42 ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ የሚበዙትንም የገደላቸው ቍስል ሳይሆን ተስቦ፥ ኮሌራና ተቅማጥ ነው። በማርች ወር ከእንግሊዝ አገር የተላኩ መርማሪዎች መጡ። ከቤቱ በታች ያለው የቈሻሻ ውሃ መውረጃ ተደፍኖ አገኙት፤ በመጠጥ ውሃው ቦይም የሞተ ፈረስ ነበረ። መውረጃውን አስጠረጉ፥ ግድግዳውን በኖራ አስቀቡ፥ ነፋስ እንዲገባ አደረጉ። በጁን ወር የሚሞቱት ከ100 ሰዎች 2 ያህል ብቻ ሆኑ።

ፍሎረንስ በ1856 ወደ አገሯ ተመለሰች። ሕዝቡ ሁሉ ያመሰግናት ነበር። እርሷ ግን ዊልያም ፋር ከሚባል የቍጥር ዐዋቂ ጋራ ተቀምጣ የሙታኑን ቍጥር መረመረች፤ በዚያ ክፉ ክረምት እርሷ ስታገለግልበት የነበረው ቤት ራሱ ድውያኑን ይገድል እንደ ነበር አየች። እርሷም በጊዜው ይህን አላስተዋለችም ነበር። ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም ነበር። እርሷ ግን ቍጥሩን ገልጣ ጻፈች፤ በበሽታ የሞቱትን በሰማያዊ፥ በቍስል የሞቱትን በቀይ ቀለም በክብ ሥዕል አሳይታ በ1858 አሳተመች። ያን ያየ ሹም ሁሉ ጠላት ከገደለው ይልቅ ርኵሰት የገደለው እንደሚበዛ በዓይኑ ተመለከተ።

በ1860 ስለ እርሷ ምስጋና ሕዝቡ ባዋጣው ገንዘብ በሎንዶን በቅዱስ ቶማስ ሐኪም ቤት የአስታማሚዎች ትምህርት ቤት ተከፈተ። በአስታማሚነት ትምህርቷም እጅን አዘውትሮ መታጠብ፥ ንጹሕ ነፋስ ማስገባት፥ የድውዩንም ሁኔታ ተመልክቶ በትክክል ማስታወቅ ዋና ነገር ነበሩ። ከዚያ የወጡት ሴቶች ወደ ሌላ አገር ሄደው ሌሎችን አስተማሩ። እርሷ ራሷ ብዙ ዘመን ታማ ከቤት ሳትወጣ በደብዳቤ ትመክር ነበር።

በ1907 ንጉሥ ኤድዋርድ ከዚያ በፊት ለሴት ተሰጥቶ የማያውቅ ታላቅ ኒሻን ሸለሟት። በ1910 በ90 ዓመቷ ዐረፈች። በነገሥታት መቃብር በዌስትሚንስተር ትቀበር ቢባል፥ ዘመዶቿ ፈቃዷን ዐውቀው እንቢ አሉ፤ በገጠር ከወላጆቿ አጠገብ ተቀበረች። በመቃብሯ ድንጋይ ላይም ሙሉ ስሟ አልተጻፈም፤ የስሟ መጀመሪያ ሁለት ፊደሎችና የተወለደችበትና የሞተችበት ጊዜ ብቻ ይነበባል።