የገበያን ልብ ያነበበው ነጋዴ፤ የሙኔሂሳ ሆማ ታሪክ

በጎንደር ከተማ በቅዳሜ ገበያ ወደ እህል ተራ ጎራ ያለ ሰው፥ ከዳባትና ከደባርቅ ደጋ የወረደ ገብስና ስንዴ ሲሸጥ ያያል። በመከር እህሉ ሲበዛ ዋጋው ይወርዳል፤ ክረምት ሲገባ ይወጣል። ይህን ገበሬውም ነጋዴውም ያውቀዋል። የወረደው ዋጋ ፊቱን የሚያዞርበትን ቀን ግን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሰው ስሙን ያስጠራው ይህንኑ ጥያቄ በመመርመር ነው።

ሙኔሂሳ ሆማ በ1724 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጃፓን አገር፥ ሳካታ በምትባል የወደብ ከተማ፥ ከሩዝ ነጋዴ ቤተ ሰብ ተወለደ። ጊዜው አፄ በካፋ በጎንደር የነገሡበት ነበር። በዚያ ዘመን የጃፓን መሳፍንት ግብር የሚቀበሉት በሩዝ ስለ ነበረ፥ የሩዝ ዋጋ ሲናወጥ የመሳፍንቱም የወታደሩም ኑሮ አብሮ ይናወጥ ነበር። በ1730 ዓ.ም. የአገሩ መንግሥት በኦሳካ ከተማ ያለውን የዶጂማን የሩዝ ገበያ በሕግ ፈቀደ። በዚሁ ዓመት በጎንደር ዳግማዊ ኢያሱ በእናታቸው በእቴጌ ምንትዋብ ሞግዚትነት ዙፋን ላይ ተቀመጡ። በዶጂማ ነጋዴው ሩዙን በዓይኑ ሳያይ፥ ወደ ፊት በሚደረግ ርክክብ ውል ይገዛና ይሸጥ ነበር።

ሆማ በዚህ ገበያ ነግዶ ታላቅ ሀብት አፈራ። ከሳካታ እስከ ኦሳካ ሰዎችን በየርቀቱ አቁሞ ዋጋውን በምልክት ያስተላልፍ ነበር ተብሎም ይተረካል። በ1755 ዓ.ም. እንደ ጻፈው የሚነገርለት መጽሐፍ ፍሬ ነገር፥ ዋጋን የሚያንቀሳቅሰው የእህሉ ማነስና መብዛት ብቻ ሳይሆን የሰው ፍርሃትና ስስት ጭምር መሆኑ ነው። ሁሉም ተስፋ በቆረጠበት ሰዓት የዋጋ መውጣት ምክንያት ይወለዳል ብሎ አስተማረ። ሆማ በ1803 ዓ.ም. ሲሞት ጎንደር በዘመነ መሳፍንት ውስጥ ነበረች።

ሆማ በልቡ የመዘነውን የኋላ ሰዎች በቁጥር ሊመዝኑት ሞከሩ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ጆርጅ ሌን የተባለ አሜሪካዊ ያስፋፋው ስቶካስቲክ የሚባለው መለኪያ አንዱ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ለምሳሌ በ14 ቅዳሜዎች ውስጥ የገብስ ዝቅተኛ ዋጋ 40 ብር፥ ከፍተኛው 60 ብር፥ የዛሬው 43 ብር ነው እንበል። ልዩነቱ 20 ብር ሲሆን የዛሬው ዋጋ ከወለሉ የራቀው 3 ብር ብቻ ነውና መለኪያው ከመቶ 15 ይላል። ይህ ቁጥር ፈጣኑ መስመር ነው፤ የሦስት ጊዜው አማካይ ደግሞ ዘገምተኛው። ከ20 በታች ሳሉ ፈጣኑ ትናንት ከዘገምተኛው በታች ወይም እኩል ሆኖ ዛሬ ከበላዩ ከወጣ፥ ገበያው ፊቱን ሊያዞር ይሆናል ይባላል። ዛሬ ሰዎች ይህን ደንብ ለኮምፒዩተር ጽፈው በመስጠት፥ ከብዙ አክሲዮኖች መካከል ምልክቱ የታየባቸውን ለይተው ያወጣሉ።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2025 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ስለ ጀመረ፥ ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ የቆጠባትን ይዞ ወደዚያ መመልከቱ አይቀርም። ስለዚህ አንድ ነገር ልናስታውስ እንወዳለን። በመከር ወራት የደጋው ገብስ ሳያቋርጥ ሲረክስ ሁለቱ መስመሮች ደጋግመው ይሻገራሉ፤ ዋጋው ግን ከመውረድ አይመለስም። ገዥና ሻጭ በጥቂቱ በሚገናኙበት ገበያም አንድ ሽያጭ ብቻ መስመሮቹን ሊያገላብጥ ይችላል። መለኪያው ወዴት እንድንመለከት ይጠቁማል እንጂ ትንቢት አይናገርም።

ከሆማ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት ስስትና ፍርሃት በእኛም ልብ ውስጥ እንዳሉ ማወቅ ነው። መቼ እንደምንገዛና ኪሳራው ስንት ሲደርስ እንደምንተው፥ ደንባችንን ገበያው ሳይጯጯኽ በጸጥታ ጽፈን እናስቀምጥ። የጎንደር ተማሪ ለዚህ ገንዘብ አያስፈልገውም፤ የቅዳሜውን የገብስ ዋጋ ለብዙ ሳምንታት በደብተሩ ይመዝግብ፥ ከዚያም ምልክቱ ስንት ጊዜ እውነት፥ ስንት ጊዜ ሐሰት እንደ ነገረው ራሱ ይቍጠር።