ሚኻይል ጽቬት

በርበሬን ስናይ ቀለሙን እንጂ የተሸሸገበትን የሻጋታ መርዝ ዓይናችን አይለይም። ይህን ለመለየት መንገድ የከፈተው ሚኻይል ጽቬት ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1872 ዓ.ም. በኢጣሊያ አገር በአስቲ ከተማ ከሩሲያዊ አባትና ከኢጣሊያዊት እናት ተወለደ፤ በጄኔቭም ስለ ዕፅዋት ተማረ። የአባቱ ስም ጽቬት በሩሲያ ቋንቋ ቀለም ማለት ነው። በዋርሶ ሲሠራ ከቅጠል ያወጣውን ፈሳሽ የጠመኔ ዱቄት በሞላበት የብርጭቆ ቱቦ ቢያንቆረቁረው፣ አንድ ይመስል የነበረው ቀለም አረንጓዴና ቢጫ ሆኖ በየደረጃው ተለያየ። በ1906 ዘዴውን ክሮማቶግራፊ አለው።

የዘመኑ ሊቃውንት ግን ተጠራጠሩት። በ1919 በቮሮኔዥ ሲሞት የድካሙን ፍሬ አላየም፤ ዘዴው እንደገና የተነሣው በ1931 በሃይደልበርግ ነው። ዛሬ የምግብ መርማሪዎች መርዝን የሚለዩት ከዚህ በተወለዱ መሣሪያዎች ነው።

ጠመኔው በየክፍላችን አለ፤ የጎደለን የእርሱ ትዕግሥት ነው።