አያቱ ስሙን የመለሱለት ሐኪም

አቃቂ ቃሊቲ ከየክፍለ ሀገሩ ለፋብሪካ ሥራ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች የሰፈሩበት አካባቢ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። በዚያ ያደገ ሰው አባቱ ወይም አያቱ ከሌላ አገር መምጣታቸውን ይሰማል፤ ከየትኛው ቀበሌ፣ ከማን ወገን እንደ ሆኑ ግን ሁልጊዜ አይነገረውም። ሲጎለምስ በሣጥን የቆዩ ደብዳቤዎችን ያገላብጣል፣ የቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብና የእድር መዝገብ ይጠይቃል። እኛ ዘንድ ከትውልድ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም ስለሌለ ሥራው ቀላል አይደለም። የአያት ስም ከጠፋ ክሩ ይበጠሳል።

የገዛ ስሙ የጠፋበት ሰውስ ምን ያድርግ? ይህ የደረሰባቸው ሰው በምዕራቡ ዓለም ሕክምና የሠለጠኑት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወርቅነህ በ1864 በጎንደር ተወለደ። በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ይዞ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን በገደሉ ጊዜ ገና የአራት ዓመት ልጅ አልሆነም ነበር። በዚያ ግርግር ከቤተሰቡ ተለይቶ ብቻውን ተገኘ። ኮሎኔል ቻርልስ ቻምበርሌን የተባሉ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዱትና በሚሲዮን ትምህርት ቤት አስገቡት። እሳቸው ብዙም ሳይቆዩ ሲሞቱ ኮሎኔል ማርቲን የተባሉ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻሉ። ሕፃኑም ከሁለቱ ሰዎች ስም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ክርስትናን ተማረ፤ የእናቱን ቋንቋ ግን ረሳ።

ዮሴፍ በግብፅ ጸፍናት ፐዕናህ ተብሎ እንደ ተጠራ እናስታውሳለን። ዮሴፍ ግን የአባቱን ስም ያውቅ ነበር። ይህ ልጅ ያንንም አያውቅም። በ1882 ከላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቀ፣ ኋላም በስኮትላንድ ትምህርቱን ቀጠለ፣ በበርማ በሐኪምነት አገለገለ። በትምህርት ቤቱም ሆነ በሥራ ወረቀቱ ላይ የሚታየው ያው ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስም ነው። ያንን ወረቀት ይዞ ጎንደር ቢገባ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። የቀረው የዘር ማስረጃ፣ የመጣው ከመቅደላ መሆኑ ብቻ ነው።

በ1896 የአድዋ ድል ዜና ዶክተር ማርቲንን ባሉበት ቀሰቀሳቸው። አገራቸውን ለመርዳት ተነሡ፤ የመጀመሪያው ሙከራ ባይሳካም ተስፋ አልቆረጡም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ገብተው በድንኳን ውስጥ ሕመምተኞችን ማከም ጀመሩ። ከመቅደላ የተወሰደ ልጅ ሐኪም ሆኖ ተመልሷል የሚለው ወሬ በከተማው ተሰማ። ወሬው ሴት አያታቸው ጆሮ ደረሰ።

እኚህ አሮጊት ደብዳቤ አላቀረቡም፣ መዝገብም አልጠየቁም። ሕፃኑ በክንዱና በእግሩ ላይ ጠባሳ እንዳለው ያስታውሱ ነበር፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጢም ባወጣው እንግዳ ገላ ላይ ያንኑ ጠባሳ አገኙት። ዶክተሩ ወርቅነህ መባላቸውን፣ አባታቸው እሸቴ መሆናቸውን ያወቁት ያኔ ነው። ወረቀት የሰወረውን ያያት ዓይን ገለጠው። (እናቶቻችን ስለ ልጅነታችን ጠባሳ ሲያወሩ ትዕግሥት የምናጣ ሰዎች ይህን ልብ እንበል።)

ሐኪም ወርቅነህ ወዲያው አገር ውስጥ አልቀሩም፤ ለረጅም ጊዜ በእንግሊዝ መንግሥት ሥራ ሲመላለሱ ቆዩ። በ1919 ለመኖር ሲመለሱ፣ ቀድሞ በበቅሎና በግመል ይገባ የነበረው እንግዳ በአቃቂ አልፎ አዲስ አበባ በሚደርሰው ባቡር መምጣት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ከዚያ በኋላ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ኃላፊነት ሠሩ፤ የጨርጨር ገዥ ሆኑ፤ በ1935 ደግሞ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ፋሺስት ጣሊያን የወረራትን አገር ጉዳይ ተሟገቱ።

የልጆቻቸው ነገር ግን ልብ ይሰብራል። ከወንዶች ልጆቻቸው ሁለቱ ዮሴፍና ብንያም ይባሉ ነበር፤ የራሔልን ልጆች ስም ልብ ይሏል። ሁለቱም በእንግሊዝ አገር ተምረው ተመልሰው ነበር። በየካቲት 1937 በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ ፋሺስቶች ገደሏቸው። አባት ያን ጊዜ በባሕር ማዶ ነበሩ። በሕፃንነታቸው በጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡት ሰው በሽምግልናቸው በሌላ ጦርነት ልጆቻቸውን አጡ።

ሐኪም ወርቅነህ በጥቅምት 1952 አረፉ። ለብዙ ዓመታት የየዕለት ማስታወሻ ይጽፉ ስለ ነበር የእሳቸውን ታሪክ ለሚፈልግ ሰው ወረቀቱ አልጠፋም። የታሪክ ተመራማሪው ፒተር ጋሬትሰን ያንን ማስታወሻ ተጠቅመው በ2012 የሕይወት ታሪካቸውን በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። በመጽሐፉ ርእስ ላይ ሐኪም ወርቅነህም ዶክተር ቻርልስ ማርቲንም አብረው ተጽፈዋል።