ፔኒሲሊንን ያገኙት ሐኪምና ማስጠንቀቂያቸው

ሰር አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በዓለም የታወቁት ፔኒሲሊንን በማግኘታቸው ነው። መድኃኒቱ በአግባቡ ካልተሰጠ ኃይሉን እንደሚያጣ አስቀድመው ካስጠነቀቁት ሊቃውንት አንዱ መሆናቸው ግን የዚያን ያህል አይነገርም። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍሌሚንግ በ1881 ዓ.ም. በስኮትላንድ፣ በኤይርሻየር ግዛት፣ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ወደ ለንደን ሄደው በአንድ የመርከብ ድርጅት በጸሐፊነት ሠሩ። ከአጎታቸው በወረሱት ገንዘብ በሴንት ሜሪ ሆስፒታል ሕክምና ተምረው በ1906 ከተመረቁ በኋላ፣ በዚያው ሆስፒታል በሰር አልምሮት ራይት የምርምር ክፍል ሥራ ጀመሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ በቡሎኝ ከተማ ሲያገለግሉ፣ የጊዜው ጸረ ጀርም ኬሚካሎች ከጥልቅ ቁስል ውስጥ ያሉትን ጀርሞች ሳይደርሱባቸው የሰውነትን ተከላካይ ሕዋሳት እንደሚገድሉ ተገነዘቡ። ጀርሙን ገድሎ ሰውነትን የማይጎዳ መድኃኒት መፈለግ ከዚያ ወዲህ የሕይወታቸው ዓላማ ሆነ።

በመስከረም 1928 ከዕረፍት ሲመለሱ፣ ስታፊሎኮከስ ባራቡበት ሳህን ላይ ሻጋታ በቅሎ በዙሪያው የነበሩትን ባክቴሪያዎች አሟሙቶ አገኙ። ግኝታቸውን በ1929 ቢያሳትሙም መድኃኒቱን አጣርተው ማውጣት አልቻሉም። ይህን የፈጸሙት በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፍሎሪ፣ ቼይንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ1941 በመድኃኒቱ የታከመ አንድ ፖሊስ መዳን ከጀመረ በኋላ፣ የነበረው ፔኒሲሊን በማለቁ ሕመሙ አገርሽቶበት ሞተ። ከዚያ ቀደም ሲል በ1940 ቼይንና አብርሃም የተባሉት ተመራማሪዎች ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ኤንዛይም የሚያመነጭ ባክቴሪያ መኖሩን አስታውቀው ነበር። መድኃኒቱ ገና ከበሽተኛ አልጋ ሳይደርስ መከላከያው በተፈጥሮ ውስጥ ነበረ ማለት ነው።

ፍሌሚንግ በ1945 ከፍሎሪና ከቼይን ጋር የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ባደረጉት ንግግር፣ ጀርሞችን በማይገድል አነስተኛ መጠን ፔኒሲሊን ውስጥ ማሳደግ መድኃኒቱን እንዲቋቋሙ እንደሚያደርግ ገለጹ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ታሞ ከሚገባው ያነሰ መድኃኒት ቢወስድ፣ የተረፉትን ጀርሞች ለሚስቱ አስተላልፎ ለሞት ሊያደርሳት እንደሚችል በምሳሌ አስረዱ።

ማስጠንቀቂያው ብዙ ሳይቆይ ደረሰ። በለንደን ሐመርስሚዝ ሆስፒታል የምትሠራው ሐኪም ሜሪ ባርበር ከበሽተኞች የተወሰደውን ስታፊሎኮከስ ስትመረምር፣ ፔኒሲሊንን የሚቋቋመው በ1946 ከመቶ 14 ያህል የነበረው በ1948 ወደ 59 ከፍ ብሎ አገኘችው። ምክንያቱንም አጥርታ አሳየች፤ ጀርሞቹ መድኃኒቱን መቋቋም ከሕክምናው አልተማሩም። ኤንዛይሙን የሚያመነጩት ዝርያዎች ቀድሞውኑ ነበሩ፤ መድኃኒቱ ደካሞቹን ሲገድል ቦታውን ለእነርሱ ለቀቀላቸው፣ ከበሽተኛ ወደ በሽተኛም ተዛመቱ።

የዘር ውርስ ምርምርም ነገሩን ይበልጥ አብራራው። ባክቴሪያ በፍጥነት ስለሚራባ፣ ከብዙ ሚሊዮኖች መካከል በአጋጣሚ የጂን ለውጥ የደረሰበት አንዱ መድኃኒቱን ሊቋቋም ይችላል። ከዚህም በላይ በ1950ዎቹ መጨረሻ የጃፓን ሊቃውንት፣ አንዱ ባክቴሪያ የመቋቋም ጂኑን ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ጭምር እንደሚያስተላልፍ አረጋገጡ። ስለዚህ ያነሰ መጠን መስጠት ብቻ ሳይሆን ያለ አስፈላጊነት መስጠትም የዚያኑ ያህል ይጎዳል።

ፍሌሚንግ በ1955 አርፈው በለንደን ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀበሩ። ኤንዛይሙን እንዲቋቋም ተብሎ የተሠራው ሜቲሲሊን ሥራ ላይ ከዋለ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1961 እርሱንም የሚቋቋም ስታፊሎኮከስ እንግሊዝ አገር ተገኘ። ፍሌሚንግ ክብራቸው ከፍ ባለበት ዕለት የግኝታቸውን ወሰን በግልጽ መናገራቸው፣ አዲስ ነገር ለሕዝብ የሚያቀርብ ባለሙያ ሁሉ ሊከተለው የሚገባ አርአያ ነው።