ሣቅን መሣሪያ ያደረጉ ደራሲ

ተማሪዎች ሆይ፤ ሰውን ከማስለቀስና ሰውን ከማሣቅ የትኛው ይከብዳል ብላችሁ ታስባላችሁ? ብዙ ሰዎች ቀልደኛ ደራሲ ሲባል ሥራው እንደ ጨዋታ ቀላል፣ ኑሮውም ከሐሳብ የራቀ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ማርክ ትዌይን በተባለው የብዕር ስሙ የታወቀው አሜሪካዊ ደራሲ ንግዱ ከስሮ በዕዳ ከተያዘ በኋላ፣ ዕድሜው ገፍቶ ሳለ ባሕር እየተሻገረ ከአገር አገር በመዞር፣ በሕዝብ ፊት እየተናገረና እያሣቀ ባገኘው ገንዘብ ዕዳውን ከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ1944 ሕይወቱን የሚያሳይ ፊልም በወጣ ጊዜም፣ ተመልካቹ ከዚያ ሁሉ ሣቅ በስተ ኋላ ምን ያህል ድካም እንደ ነበረ ለማየት ችሏል።

በእኛም አገር ሕይወታቸው እንዲህ ሊታይ የሚገባ የሣቅ ደራሲ ነበሩ። እርሳቸውም ባለ ቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ አቶ መንግሥቱ ለማ ናቸው።

መንግሥቱ ለማ የተወለዱት በ1916 ዓ.ም. ሲሆን፣ የልጅነታቸውን ዘመን ያሳለፉት በሐረር ነው። አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ በቤተ ክህነት ትምህርት የበሰሉ፣ በጨዋታ አዋቂነታቸውም የታወቁ ሊቅ ነበሩ። ስለዚህ ልጁ በቤታቸው ውስጥ ሁለት ነገሮችን ባንድነት እየሰሙ አደጉ፤ አንደኛው የመጻሕፍት ትምህርት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የሊቃውንት ጨዋታ ነው። የቤተ ክህነት ሊቃውንት ጨዋታ እንዲሁ የሣቅ ሣቅ እንዳይመስላችሁ። ቅኔ ሰምና ወርቅ እንዳለው ሁሉ የሊቃውንቱም ቀልድ ላይ ላዩን ያሥቃል፤ ውስጡን ሲመረምሩት ግን ተግሣጽ ወይም ምክር ይገኝበታል። መንግሥቱ ለማ በኋላ ዘመን በቴአትር መድረክ ላይ ያሳዩት ጥበብ ሥሩ ያለው በዚህ ነው።

የቤተ ክህነትን ትምህርት ከቀመሱ በኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ተሻገሩ። አዲስ አበባ መጥተው በኮተቤ በሚገኘው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያም በ1940ዎቹ መጀመሪያ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። በለንደን ከተማ የተማሩት የፖለቲካና የኢኮኖሚ ትምህርት ቢሆንም፣ ልባቸውን የሳበው ሥነ ጽሑፍና ቴአትር ነበር። በእንግሊዝ አገር በርናርድ ሾው የተባለው ጸሐፌ ተውኔት የኅብረተሰቡን ጉድለት በሣቅ እያዋዛ ማሳየት የሚቻል መሆኑን በሥራው አስመስክሮ ነበር። ሰምና ወርቅን እየሰማ ያደገ የአለቃ ልጅ ይህን ዓይነቱን ጥበብ ለመረዳት ሩቅ መንገድ መሄድ አላስፈለገውም።

ከመንግሥቱ ለማ በፊትም ሣቅ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ እንግዳ አልነበረም፤ ነገር ግን መንገዱ ሁልጊዜ የተደላደለ አልነበረም። በ1910ዎቹ ዓመታት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አውሬዎችን እንደ ሰው እያናገሩ የዘመኑን አስተዳደር ጉድለት የሚተች ተውኔት ቢያሳዩ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትሩ እንዲታገድ ተደርጓል። በ1941 ዓ.ም. ደግሞ ተመስገን ገብሬ የጉለሌው ሰካራም የተባለውን ታሪክ አሳተሙ። በሰሜን አዲስ አበባ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ባለው በጉለሌ ሠፈር የሚኖር አንድ ሰካራም የታሪክ ባለቤት ሆኖ የቀረበበት ይህ ሥራ የመጀመሪያው የአማርኛ አጭር ልብ ወለድ ተብሎ ይጠራል። ከዚህ ሥራ የምንማረው፣ ለድርሰት የሚበቃው ንጉሥ ወይም ጀግና ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ በመንገድ ላይ የምናገኘው ተራ ሰው ጭምር መሆኑን ነው። መንግሥቱ ለማም ይህንኑ ተራ ሰው በመድረክ ላይ አውጥተው፣ በዕለት ተዕለት አነጋገሩ እንዲናገር አደረጉት።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ሠርተዋል፤ ቀጥሎም በሕንድ አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ውስጥ ለጥቂት ዓመታት አገልግለዋል። ቀን ቀን የመንግሥት ሥራቸውን እየሠሩ ብዕራቸውን ግን አላስቀመጡም። የግጥም ጉባኤ የተባለውን የግጥም መድበልና የአባቶች ጨዋታ የተባለውን መጽሐፍ አዘጋጁ። ስማቸውን በሕዝብ ዘንድ ይበልጥ ያስጠራው ግን በ1950ዎቹ ዓመታት የጻፏቸው ሁለት ኮሜዲዎች፣ ጠልፎ በኪሴና ያላቻ ጋብቻ ናቸው። ሁለቱም በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉመዋል።

ጠልፎ በኪሴ ስለ ጠለፋ የተጻፈ ነው። ይህን ጉዳይ በሣቅ ማቅረብ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ለመረዳት ዘመኑን አስቡ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ነው ቢልም፣ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። ይህ ቀዳዳ የተዘጋው ከዓመታት በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። እንግዲህ በዚያን ጊዜ ጠለፋ በብዙ ሰው ዘንድ የጀግንነት ሥራ ሲሆን፣ ለተጠለፈችው ልጃገረድ ግን የዕድሜ ልክ ጉዳት ነበር። ይልቁንም ተጠላፊዋ ብዙ ጊዜ እንደ እናንተ ያለች ለጋ ወጣት ነበረች።

መንግሥቱ ለማ በልጃገረዲቱ ጉዳት አላፌዙም። የፌዝ ዒላማ ያደረጉት ሌላ ሰው ነው። በተውኔቱ ውስጥ ጠለፋን የሚያስቡት ያልተማሩ የባላገር ሰዎች ሳይሆኑ፣ ዘመናዊ ትምህርት ያገኙ የከተማ ጎልማሶች ናቸው። የሥልጣኔ ልብስ ለብሶ አሮጌውን ልማድ በኪሱ የያዘ ሰው ከፊታቸው ሲቆም ተመልካቾች ይሥቃሉ፤ ሣቃቸው ሲያበቃ ግን የሣቁት በራሳቸው መሆኑን ይገነዘባሉ። ያላቻ ጋብቻም እንደዚሁ የዘር ሐረግን፣ ሀብትንና ማዕረግን በጋብቻ ሚዛን ላይ የሚያስቀምጠውን ልማድ ይመረምራል። በዚህ ተውኔት ውጭ አገር የተማረ የባላባት ልጅ የወገኖቹን ምክር ትቶ በገጠር አስተማሪ ይሆናል፤ ከእርሱ በታች ናት የተባለችውንም ሴት ለትዳር ይመርጣል። እነዚህን ነገሮች በስብከት መልክ ቢናገሩ ኖሮ የሚቆጣ እንጂ የሚሰማ ባልተገኘ ነበር። በሣቅ ስለ ተናገሩት ግን ተወቃሹ ራሱ ገንዘብ ከፍሎ ሊሰማ መጣ።

ከዚህ ሁሉ ሥራቸው መካከል ግን ተማሪዎች ልብ ልትሉት የሚገባ አንድ ሥራ አለ። አባታቸው አለቃ ለማ በሸመገሉ ጊዜ፣ ልጃቸው የድምፅ መቅጃ መሣሪያ ከፊታቸው አስቀምጠው ትዝታቸውን ያስወሯቸው ጀመር። አለቃ ለማ የአፄ ምኒልክን ዘመን በዓይናቸው ያዩ፣ የሊቃውንቱንም ታሪክና ጨዋታ በቃላቸው የያዙ ሰው ነበሩ። ያ ሁሉ ዕውቀት በአንድ ሽማግሌ ራስ ውስጥ ብቻ ያለ በመሆኑ፣ ሽማግሌው ሲያልፉ አብሮ መቃብር መውረዱ አይቀርም ነበር። ልጃቸው ግን የተቀዳውን ቃል በመጽሐፍ አዋዋል አላሳመሩትም፤ አባታቸው እንደ ተናገሩት የንግግሩን ለዛ ጠብቀው በ1959 ዓ.ም. መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ በሚል ርእስ አሳተሙት። ለንደን ደርሰው የተመለሱት ምሁር በአባታቸው አነጋገር አላፈሩም፤ ይልቁንም ከአባታቸው አንደበት የአማርኛን ውበት ቀሰሙ።

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት የተቀበሉት መንግሥቱ ለማ፣ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴአትርን በማስተማር ብዙ ወጣቶችን ለሙያው አብቅተዋል። በ1980 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ስለ ራሳቸው የተረኩት ታሪክ ካረፉ በኋላ በ1988 ዓ.ም. ደማሙ ብዕረኛ በሚል ርእስ ታትሞ ለአንባቢ ደርሷል።

ተማሪዎች ሆይ፤ የእኚህ ደራሲ ሕይወት በፊልም ቢሠራ የመጀመሪያው ትዕይንት የትኛው ይሁን ትላላችሁ? ምናልባት አንዳንዶቻችሁ የቴአትር ቤቱን ጭብጨባ ትመርጡ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ አባትና አንድ ጎልማሳ ልጅ በአንድ የድምፅ መቅጃ ዙሪያ ተቀምጠው፣ አንዱ ሲያወጋ ሌላው ሲያዳምጥ ብናይ፣ የደራሲው ጥበብ ከየት እንደ ተገኘ በይበልጥ እንረዳለን። ሰውን በሚገባ ለማሣቅ አስቀድሞ ሰውን በሚገባ ማዳመጥ ያስፈልጋልና። በየቤታችሁ ያሉ አያቶችም የሚያዳምጣቸው ይፈልጋሉ።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. የሊቃውንት ቀልድ ከቅኔ ጋር የሚመሳሰለው በምን ረገድ ነው?
2. በጠልፎ በኪሴ ውስጥ የፌዝ ዒላማ የሆኑት እነማን ናቸው? ለምን?
3. ደራሲው የአባታቸውን ንግግር እንዳለ ለማተም የመረጡት ለምን ይመስላችኋል?

ለ. ተግሣጽ፣ ለዛ፣ መድበል እና ዒላማ የሚሉትን ቃላት እያስገባችሁ አራት ዓረፍተ ነገሮች ሥሩ።

ሐ. በቤታችሁ ወይም በሠፈራችሁ ያሉ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ያወጓችሁን ታሪክ፣ አነጋገራቸውን ሳትለውጡ፣ በአንድ ገጽ ጻፉ።